«አውጥተን እንጣለው» የሚባለው ቴርሞስታት፦ ሥራው፣ አመራመሩና አቀያየሩ

ሞተሩ ሞቀበትና መኪናውን ጋራዥ ያስገባ ሰው ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው፤ እሱ የተሠራው ለበረዶ አገር ነው» የሚል ነው። ቴርሞስታት የሞተሩ ውሃ ወደ ራዲያተሩ የሚሄድበትን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ በር ነው። ምክሩ በክፋት የሚሰጥ አይደለም፤ ለጥቂት ሳምንታትም የሠራ ይመስላል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ባለቤት የተቀባበለው አሮጌ ኮሮላ ተገዝቶ የቴርሞስታቱ ቤት ሲከፈት ባዶ ሆኖ ቢገኝ የሚገረም መካኒክ ብዙ አይደለም። የእኔም የመጀመሪያ መኪና እንዲሁ ነበረች። በሐምሌ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ያህል ከነዳኋት በኋላ እንኳ የሙቀት መለኪያው ቀስት ከታችኛው መስመር ብዙም ፈቀቅ አይልም ነበር፤ በመስታወቱ ላይ የያዘውን ጉም ለማጥፋት ማሞቂያውን ስከፍት የሚነፍሰው አየር ከውጭው አይሻልም። ቤንዚን የምትጠጣውንም ስላረጀች ነው ብዬ ሁለት ዓመት ያህል ታግሻለሁ። በኋላ ቤቱን ስፈታው ውስጡ ዝገት የጠጣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

ይህ ጽሑፍ ቴርሞስታት በእርግጥ ምን እንደሚሠራ፣ መበላሸቱ ወይም አለመኖሩ በምን እንደሚታወቅ፣ ከመገጠሙ በፊት እቤት ውስጥ በድስት እንዴት እንደሚፈተሽና እንዴት እንደሚቀየር ያስረዳል። ለምሳሌነት የተወሰዱት በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታዩት አነስተኛ የቶዮታ መኪኖች ሲሆኑ፣ መሠረታዊው አሠራር ግን ለአብዛኛው በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ያው ነው።

ወለሉን እንጂ ጣራውን አይወስንም

ሞተር ውስጥ ተቃጥሎ ከሚገኘው ሙቀት ሲሶ ያህሉ በሲሊንደሮቹና ከላያቸው በሚገጠመው ክዳን፣ በቴስታታው፣ ዙሪያ ወደሚዘዋወረው ውሃ ይተላለፋል። ይህ ውሃ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ አጭር ነው፤ ውሃው በፓምፑ እየተገፋ በሞተሩና በማሞቂያው ውስጥ ብቻ ዞሮ ይመለሳል። ሌላው ረጅም ነው፤ በራዲያተሩ በኩል አልፎ ለነፋስ ሙቀቱን ሰጥቶ ይመጣል። ቴርሞስታት በእነዚህ ሁለት መንገዶች መገናኛ ላይ የተቀመጠ በር ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ረጅሙን መንገድ ዘግቶ ውሃው ቶሎ እንዲሞቅ ያደርጋል፤ ውሃው ከተወሰነ የሙቀት መጠን ሲደርስ ደግሞ ቀስ እያለ ይከፍታል።

በሩን የሚከፍተው ኤሌክትሪክም ሆነ ኮምፒውተር ሳይሆን ሰም ነው። በቴርሞስታቱ መሃል በምትገኘው ትንሽ የናስ ቅርፊት ውስጥ፣ በታወቀ ሙቀት ላይ እንዲቀልጥ ተደርጎ የተቀመመ ሰም ታሽጎ ይገኛል። ሰም ሲቀልጥ መጠኑ ይጨምራል፤ ያ ጭማሪ በቅርፊቱ ውስጥ ያለችውን ቀጭን ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጓም በጠንካራ ሞላ የተወጠረውን ክዳን ከመቀመጫው ታነሣዋለች። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሰሙ ይረጋል፣ ሞላውም ክዳኑን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በብዙዎቹ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች ላይ በሩ መከፈት የሚጀምረው በ80 እና በ84 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ሲሆን፣ በደንብ ተከፍቶ የሚገኘው 95 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ሙቀት ላይ ክዳኑ ከመቀመጫው 8 ሚሊ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ መነሣት አለበት። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል በሩ ጥቂት ከፈት፣ ጥቂት ገርበብ እያለ ውሃውን ሲያመጣጥን ይውላል እንጂ አንዴ ተከፍቶ የሚቀር አይደለም።

ከዚህ አሠራር አንድ ነገር ግልጽ ሆኖ ይወጣል፤ ጤነኛ ቴርሞስታት የሚወስነው የሞተሩን የሙቀት ወለል ነው፣ ጣራውን አይደለም። ሞተሩ ከ80 ዲግሪ እንዳይወርድ ይጠብቃል፤ 110 ዲግሪ እንዳይደርስ የሚከላከሉት ግን ራዲያተሩ፣ ማራገቢያው፣ ፓምፑና የራዲያተሩ ክዳን ናቸው። በሩ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ ሙቀቱ አሁንም ከወጣ፣ ጥፋቱን ከነዚህ ከአራቱ ዘንድ ወይም ከቴስታታው ጓርኒሲዮን መፈለግ ነው። ዝቅተኛ ዲግሪ የተጻፈበት ቴርሞስታት ገዝቶ መግጠምም የተደፈነ ራዲያተር አያጸዳም፤ ወለሉን ዝቅ አድርጎ ችግሩ የሚታይበትን ሰዓት በጥቂት ደቂቃ ያዘገያል እንጂ።

ያለ ቴርሞስታት መንዳት ምን ያስከትላል

ኮምፒውተር የሚቆጣጠረው ቤንዚን ሞተር ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ቤንዚን ጨመር አድርጎ ይረጫል። ውሃው መቼም የማይሞቅ ከሆነ ጭማሪው መቼም ሙሉ በሙሉ አይቀርም። የሞተር ዘይትም በሚፈለገው ልክ ስለማይሞቅ ወፈር እንዳለ ይሠራል፣ ከቃጠሎው የሚፈጠረው የውሃ እንፋሎትም ከዘይቱ ተንኖ የመውጣት ዕድል አያገኝም። የዚህ ምልክት የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ከሥሩ ተለጥፎ የሚገኘው ቡና በወተት የመሰለ ቅባት ነው። ይህን ቅባት አይቶ «ቴስታታው ሄዷል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ አጭር መንገድ ብቻ በምትሄድ፣ ቴርሞስታት በሌላት መኪና ላይ ግን ሞተሩ ባለመሞቁ ብቻ ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ ቴስታታ ከመፈታቱ በፊት የዘይት መለኪያው ዘንግ ይታይ፤ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነና የራዲያተሩ ውሃ ካልጎደለ መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ቴርሞስታቱ ነው።

የበለጠ የሚያስገርመው ግን ቴርሞስታት ማውጣት በአንዳንድ ሞተር ላይ ሙቀቱን የሚያብስ መሆኑ ነው። ብዙ ቴርሞስታቶች ከዋናው ክዳን በስተጀርባ ሁለተኛ ትንሽ ሳህን አላቸው። ዋናው ክዳን ሲከፈት ይህች ሳህን ወደ ኋላ ተገፍታ አጭሩን መንገድ ትዘጋለች፤ ያኔ ውሃው ሁሉ ተገድዶ በራዲያተሩ በኩል ያልፋል። ቴርሞስታቱ ከወጣ ግን አጭሩ መንገድ ዘወትር ክፍት ሆኖ ይቀራል። ውሃም እንደ ሰው የቀለለውን መንገድ ይመርጣልና ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ትኩሱን እንደያዘ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በከተማ ውስጥ ይህ ላይታወቅ ይችላል፤ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሃ ጽዮን ጭኖ ሲወጣ ግን ይታወቃል።

የደጋ ጉዳይ

አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ቀንሶ ተራ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይንተከተካል። እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ይህ እውነታ ለምስር ወጥ ብቻ ሳይሆን ለሞተርም ያገባዋል።

ሞተሩ በተፈጥሮው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው መካከል የሚሠራ ከሆነና ውሃው በ92 ዲግሪ የሚፈላ ከሆነ፣ ፍላቱን የሚያዘገየው በስርዓቱ ውስጥ ታምቆ ያለው ግፊት ብቻ ነው። ግፊቱን የሚያምቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ በላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ ተጽፎ የሚታየው ቁጥር የሚይዘው የግፊት መጠን ነው። ጤነኛ ባለ 0.9 ክዳን አዲስ አበባ ላይ የተራውን ውሃ መፍያ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ግን ሞተሩን ክዳን እንደሌለው ድስት ያደርገዋል፣ ውሃውም መለኪያው ገና መሃል ላይ ሳለ ወደ መጠባበቂያው ጀሪካን እየፈላ ይሸሻል። በዚህ ዓይነት ሁኔታ ስንት ጤነኛ ቴርሞስታት ያለ ጥፋቱ ተነቅሎ እንደተጣለ መገመት አያቅትም። ቴርሞስታት ከመጠርጠሩ በፊት ክዳኑ ይቀየር፤ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው።

በእጅ የሚደረግ ምርመራ

ምርመራው ጠዋት፣ ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ይጀመራል። ትኩስ ሞተር ላይ የራዲያተር ክዳን መክፈት ፈጽሞ አይገባም፤ ታምቆ የነበረው ውሃ ግፊቱ ሲለቀው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ፊትና እጅ ያቃጥላል። በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን በራሱ ሊነሣ ስለሚችል፣ ነጠላ ወይም ሻርፕ ለብሶ ወደ ኮፈኑ ማጎንበስ አደጋ አለው።

ውሃው ሙሉ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ሞተሩን ያስነሡና ከራዲያተሩ ጋር የሚገናኙትን የላይኛውንና የታችኛውን ቱቦ በየሁለት ደቂቃው በእጅዎ እየዳሰሱ የመለኪያውን ቀስት ይከታተሉ። ቴርሞስታቱ ጤነኛ ከሆነ ቀስቱ እየወጣ ሳለ ራዲያተሩ ለተወሰነ ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ ከዚያ ከመቅጽበት በሚባል ፍጥነት ሙቀት ወደ ራዲያተሩ ይገባና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የታችኛውም ቱቦ ይሞቃል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ማረም ያስፈልጋል። «ቴርሞስታት ያለው በላይኛው ቱቦ ጫፍ ነው» የሚባለው ለሁሉም ሞተር አይሠራም። በብዙዎቹ አነስተኛ የቶዮታ ሞተሮች ላይ በሩ የተቀመጠው ውሃው ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ በሚመለስበት፣ ማለትም በታችኛው ቱቦ ጫፍ ላይ ነው። በእነዚህ ላይ የላይኛው ቱቦ በሩ ሳይከፈትም ቀስ እያለ ሊሞቅ ስለሚችል እሱን ብቻ ዳስሶ መፍረድ ያሳስታል።

ቀስቱ በፍጥነት ወደ ቀዩ እየወጣ ራዲያተሩና የታችኛው ቱቦ ቀዝቃዛ ሆነው ከቀሩ በሩ ተዘግቶ ተጣብቋል፤ ሞተሩ ወዲያውኑ መጥፋት አለበት። ከተነሣበት ደቂቃ ጀምሮ ሁለቱም ቱቦዎች እኩል ለብ እያሉ ከመጡና ቀስቱ ለመነሣት ሩብ ሰዓትና ከዚያ በላይ ከፈጀበት ደግሞ በሩ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ወይም ጭራሽ የለም። ቁልቁለት ላይ ቀስቱ የሚወርድ፣ ትራፊክ ላይ ሲቆም የሚመለስ ከሆነም ይኸው ነው። ኮምፒውተር ማንበቢያ ያለው ሰው ፒ0128 የሚል ኮድ ቢያገኝ ትርጉሙ ሞተሩ ቴርሞስታቱ ሊያደርሰው ከሚገባው ሙቀት አልደረሰም ማለት ነው፤ ማንበቢያው ትክክለኛውን ዲግሪ በቁጥር ስለሚያሳይ በዳሽቦርዱ ቀስት ላይ ከመተማመን እጅግ ይሻላል። የአሁኖቹ መኪኖች ቀስት ሰፊ በሆነ የሙቀት ክልል ውስጥ መሃል ላይ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ብዙ ነገር ይደብቃል።

ራዲያተሩ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ከታየ፣ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ካልጠፋ፣ ወይም ውሃው የሚፈስበት ሳይታይ በየቀኑ ከጎደለ ጉዳዩ ከቴርሞስታት ያለፈ ነው።

ግዢና የድስት ፈተና

የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄደው ሲገዙ የመኪናውን ሞዴል ብቻ መናገር በቂ አይደለም፤ አንድ ዓይነት መኪና በተለያየ ሞተር ስለሚመጣ የሞተሩን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል። አሮጌው በእጅ ካለ ይዞ መሄድ ይሻላል። የክዳኑ ስፋት፣ የቁመቱ ልክ፣ ከጀርባ ያለችው ሁለተኛዋ ሳህን መኖርና አለመኖር፣ እንዲሁም በብረቱ ላይ የተቀረጸው ዲግሪ አንድ መሆን አለባቸው። ጎማውም ወይም ጓርኒሲዮኑ አብሮ ይገዛ። አሮጌውን ጎማ መልሶ መግጠም ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። የላዳ ባለቤት ግን የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ የእሱ ቴርሞስታት ሦስት ቱቦ የሚገባበት ራሱን የቻለ ቤት ሆኖ ስለተሠራ የሚቀየረው ከነቤቱ ነው።

አዲስ የተገዛ ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት ስላልሆነ ከመገጠሙ በፊት መፈተሽ አለበት። የሚያስፈልገው አሮጌ ድስት፣ እስከ 100 ዲግሪ የሚለካ ቴርሞሜትርና ቁራጭ ክር ነው። መጀመሪያ ቴርሞስታቱን ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩት፤ በክዳኑ ዙሪያ ብርሃን ሊታይ አይገባም። ከዚያ ክዳኑን በአውራ ጣትዎ ተጭነው ጥቂት ከፈት ያድርጉና የክሩን ጫፍ በክዳኑና በመቀመጫው መካከል አስገብተው ይልቀቁት፤ ሞላው ክሩን ነክሶ ይይዘዋል። በክሩ አንጠልጥለው የድስቱን ታችም ጎንም እንዳይነካ አድርገው ውሃው ውስጥ ያጥልቁት። የድስቱ ታች ከውሃው የበለጠ ስለሚሞቅ ከነካው ውጤቱ ትክክል አይሆንም። እሳቱን መካከለኛ አድርገው ውሃውን በማንኪያ እያማሰሉ ቴርሞሜትሩን ይመልከቱ። በ70 ዲግሪ ምንም አይሆንም፤ በ75ም እንዲሁ። ከ80 ሲያልፍ ክሩ ትንሽ ይንቀጠቀጥና ድንገት ይላላል፣ ቴርሞስታቱም «ቁጭ» ብሎ ወደ ድስቱ ታች ይወርዳል። ሰሙ በሩን የከፈተው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ቴርሞሜትሩ ላይ ያለውን ቁጥር በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር ያስተያዩ። ሁለት ሦስት ዲግሪ ልዩነት አያስጨንቅም።

አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ሌላ ደጋ ላይ የሚሠራ ሰው ግን የከፍታውን ጉዳይ መርሳት የለበትም። ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ቢነድም ቢበረታም ከ92 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት በደንብ ይከፈታል እንጂ እስከ መጨረሻው ላይከፈት ይችላል፤ 88 የተጻፈበት ጥቂት ብቻ ይነሣል፤ 92 የተጻፈበት ደግሞ ጭራሽ ላይንቀሳቀስ ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም። እንዲህ ያለውን ለመፈተሽ የሚያስፈልገው ከ92 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ፈሳሽ በመሆኑ፣ በማብሰያ ዘይት ሳይሞከር ሻጩን መውቀስ አይገባም። በዘይት ሲሞከር እሳቱ ይቀነስ፣ ቴርሞስታቱም ደርቆ ይግባ፤ በእርጥቡ ከገባ ይፈናጠራል።

በመጨረሻ ቴርሞስታቱን አውጥተው ሲቀዘቅዝ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን ይመልከቱ። ተከፍቶ የማይመለስም የተበላሸ ነው።

መቀየር

ሥራው ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ለምሳሌ ባለ 1ኤንዜድ ሞተር ቪትዝ ላይ የቴርሞስታቱ ቤት የሚገኘው በሞተሩ ፊት ለፊት ከዲናሞው ጀርባ ስለሆነ፣ ሁለት ትናንሽ ፍሬዎችን ለመፍታት ሲባል ቺንጊያው (ቀበቶው) ተላልቶ ዲናሞው መውረድ አለበት። ዲናሞ የሚነካ ሰው አስቀድሞ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍታ፤ ከዲናሞው ጀርባ ያለው ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው የሚመጣ ስለሆነ ቁልፍ ከብረት ጋር ቢያገናኘው ብልጭታው ቀላል አይደለም። በአንዳንድ ሌሎች ሞተሮች ላይ ግን ቤቱ ምንም ሳይሸፍነው ስለሚገኝ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከራዲያተሩ የሚመጣውን የታችኛውን ቱቦ እስከ ሞተሩ ድረስ መከተል ነው፤ እዚያ ካልሆነ የላይኛውን።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ፣ ከሥሩም ሳፋ ያድርጉና በራዲያተሩ ታች ያለችውን የፕላስቲክ መክፈቻ በእጅ ብቻ ቀስ አድርገው ያላሉ። ብዙ ዘመን ሳትነካ የቆየች መክፈቻ በፒንሳ ስትታገል ትሰበራለች፤ እምቢ ካለች የታችኛውን ቱቦ ፋሸታ (ማሰሪያ ቀለበት) አላልቶ ውሃውን በዚያ ማውረድ ይሻላል። የሚወጣው ኩላንት (ለሞተር ማቀዝቀዣ የተሠራ ፈሳሽ) ከሆነ ጣፋጭ ሽታና ጣዕም ያለው መርዝ ስለሆነ መሬት ላይ አይደፋ፤ ውሻም ሕፃንም ሊቀምሰው ይችላል።

ቤቱ ሲፈታ ቴርሞስታቱ እንዴት እንደተቀመጠ ሳይነቀል በስልክ ፎቶ ያንሡ። ከዚያ አውጥተው መቀመጫውን በጨርቅ ያጽዱ። ጓርኒሲዮኑ የወረቀት ከሆነ ቅሪቱ በጥንቃቄ ይፋቅ፤ አሉሚኒየሙን በካቻቢቴ መቧጨር ውሃ ለሚያፈስ ጭረት በር መክፈት ነው። ቤቱ የፕላስቲክ ከሆነ ስንጥቅ እንዳለው ይታይ።

አዲሱን ሲገጥሙ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛው አቅጣጫው ነው፤ ሞላውና የሰሙ ቅርፊት ያለበት ጎን ወደ ሞተሩ ውስጥ ይግባ፣ ምክንያቱም ሰሙ ሊሰማው የሚገባው የሞተሩን ሙቀት ነው። ተገልብጦ ከተገጠመ ቅርፊቱ ቀዝቃዛውን የራዲያተር ውሃ እየነካ ስለሚቆይ በሩ በሰዓቱ አይከፈትም፣ ሞተሩም በጥቂት ደቂቃ ይፈላል። ሁለተኛው በቴርሞስታቱ ሳህን ጠርዝ ላይ ያለችው ወዲያ ወዲህ የምትል ትንሽ ጉሎ መሰል ነገር ነች። እሷ ውሃ ሲሞላ የታፈነው አየር የሚያመልጥባት ቀዳዳ መዝጊያ ስለሆነች ሁልጊዜ ወደ ላይ ትሁን፤ አየር ወደ ላይ ነውና የሚሄደው። የቶዮታ ቴርሞስታት ባለ ጎማ ቀለበት ከሆነ ጎማው ጠርዙን በደንብ አቅፎ መግባቱን ያረጋግጡ እንጂ ሲሊኮን አይጨምሩበት። የተረፈ ሲሊኮን ተቆርጦ ሄዶ የማሞቂያውን ቀጭን ቱቦ ሲዘጋ ብዙ ታይቷል። የወረቀት ጓርኒሲዮን ከሆነ ስስ ቅብ ይበቃል።

ቡሎኖቹ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቁልፍ የሚፈቱ ትናንሽ ስለሆኑ እያፈራረቁ፣ ከ9 እስከ 10 ኒውተን ሜትር በሚሆን ኃይል ብቻ ይጥበቁ። መለኪያ ያለው ቁልፍ ለሌለው ሰው ይህ ማለት ቁልፉን ከቡሎኑ ጭንቅላት አጠገብ ይዞ በእጅ አንጓ ብቻ ማጥበቅ ማለት ነው። በክንድ ኃይል የተጠበቀ ትንሽ ቡሎን ይቆረጣል፣ የተቆረጠ ቡሎን ደግሞ የግማሽ ሰዓቱን ሥራ የሁለት ቀን ያደርገዋል።

ውሃ መሙላትና አየር ማስወጣት

«እኛ አገር በረዶ ስለሌለ ኩላንት ምን ያደርጋል» ለሚለው መልሱ ዝገት ነው። የቧንቧ ውሃ በሞተሩ ውስጥ ኖራና ዝገት እየተወ ይሄዳል፤ ቴርሞስታትን ከፍቶ ወይም ዘግቶ የሚያጣብቀውም በአብዛኛው ይኸው ቅሪት ነው። እኩል በእኩል ከዲስቲልድ ውሃ ጋር የተቀላቀለ ኩላንት ዝገትን ከመከላከሉ ሌላ የመፍያውን ሙቀት በ7 እና በ8 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለሚያደርግ፣ ለደጋ ሰው ይህ ራሱን የቻለ ጥቅም ነው። ተቀላቅሎ የሚሸጥም ስላለ የጀሪካኑ ጽሑፍ ይነበብ። ቀለሙ አንድ ስለሆነ ዓይነቱ አንድ ነው ተብሎ መደባለቅ አይገባም።

መኪናውን አፍንጫው ወደ ላይ በሆነ ጥቂት ዳገት ላይ አቁመው፣ ማሞቂያውን ወደ መጨረሻው ሙቀት አዙረው ኩላንቱን ቀስ እያሉ ያፍስሱ፤ በመሃል ቱቦዎቹን ጨመቅ ጨመቅ ሲያደርጉ የታፈነው አየር እየተንቦጫረቀ ይወጣል። አነስተኛ ቶዮታ በጠቅላላው 5 ሊትር አካባቢ ይይዛል። ከፈሰሰው እጅግ ያነሰ ከገባ አየር አለ ማለት ነው። ከዚያ ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩን አስነሥተው ደረጃው ሲወርድ ይሙሉ።

በብዙ መመሪያ ላይ «ክዳኑ ተከፍቶ ማራገቢያው እስኪነሣ ይጠበቅ» ይባላል። ይህ የቆላ ምክር ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ተራ ውሃ የሞላ ራዲያተር ክዳኑ ተከፍቶ ከቆየ ማራገቢያው ከመነሣቱ በፊት ሊፈላ ይችላል፤ እጅዎ አጠገብ ሆኖ ይገነፍላል፣ ባለቤቱም ሥራው አልተሳካም ብሎ ይደነግጣል። ስለዚህ የታችኛው ቱቦ መሞቅ እንደጀመረ፣ ማለትም በሩ መከፈቱ እንደታወቀ፣ ውሃውን ሞልተው ክዳኑን ይግጠሙና ማራገቢያው ሁለት ጊዜ ተነሥቶ እስኪጠፋ በተዘጋ ክዳን ይጠብቁ። ማሞቂያው ትኩስ አየር ያለማቋረጥ ከነፈሰ አየሩ ወጥቷል፤ ትኩስና ቀዝቃዛ እያፈራረቀ ከነፈሰ ወይም ከዳሽቦርዱ ኋላ የውሃ መንቆርቆር ድምፅ ከተሰማ ገና አለ።

መጠባበቂያው ጀሪካን ላይ ካሉት ሁለት መስመሮች መካከል ይሙሉና በማግሥቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ራዲያተሩን ከፍተው የጎደለውን ይጨምሩ። ለሁለት ሦስት ቀን በየጠዋቱ ይህንኑ መድገምና ቤቱ ሥር እርጥበት እንዳለ ማየት ያስፈልጋል።

ቴርሞስታት የሚወጣበት አንድ ተገቢ ሁኔታ አለ፤ እሱም መንገድ ላይ፣ ለምሳሌ ከሚሌ ወደ ሠመራ በሚወስደው በረሃ፣ በሩ ተዘግቶ ተጣብቆ ሌላ መለዋወጫ በአካባቢው ሲታጣ ነው። ያኔም ቢሆን ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተጠብቆ፣ ቴርሞስታቱ ወጥቶ፣ ውሃ ተሞልቶ፣ በዝግታ እስከሚቀጥለው ከተማ ይነዳል። የወጣው አሮጌ ቴርሞስታት በላስቲክ ተጠቅልሎ በዳሽቦርዱ መሳቢያ ይቀመጥ። አዲሱ ሲገዛ ለልክ ያገለግላል፤ መኪናው ለሌላ ሰው ቢሸጥም አዲሱ ባለቤት ቤቱ ባዶ መሆኑን ከመሳቢያው ያውቃል።